የህንድ ኮከብ ማዛመጃ በባሕር ዳር ሰዓት፦ 36ቱን ነጥብ ከማመንዎ በፊት

«ኮከባችን ይገጥም ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ለባሕር ዳር ሰው አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ጥያቄው ከደብተራ ደጃፍ ወደ ስልክ መዞሩ ነው። በአማርኛ በተተረጎሙ የህንድ ድራማዎች ውስጥ ቤተሰብ ሰርግ ከመቁረጡ በፊት የልጆቹን «ኩንድሊ» ማለትም የልደት ሰማይ ካርታ ሲያስመረምር ያዩ እጮኛሞች፣ ሁለት ልደት አስገብቶ ከ36 ነጥብ የሚሰጥ መተግበሪያ ያወርዳሉ። በስልክ አስትሮሴጅና ድሪክ ፓንቻንግ፣ በኮምፒውተር ጃጋናታ ሆራ የታወቁት ናቸው፤ መሠረታዊው ማዛመጃ በነጻ ይገኛል። የጨረቃንና የፕላኔቶችን ቦታ በማስላት በኩል እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ከእጅ ሒሳብ እጅግ ይበልጣሉ። የሚበላሸው ጣና ዳር የተወለደ ሰው ልደቱን ቅጹ ላይ ሲሞላ ነው። ቅጹ የኢትዮጵያን ዘመን አያውቅም፤ ሰዓታችንንም አያውቅም።

መጀመሪያ ምን እንደሚሰላ እንይ። አሽታኩታ የሚባለው የማዛመጃ ስልት የሚነሳው ከጨረቃ ነው። ሰማዩ በ27 ናክሻትራ ይከፈላል፤ አንዱ 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ይሆናል። እያንዳንዱ ናክሻትራ ደግሞ ፓዳ የሚባሉ 4 ሩቦች አሉት፤ አንድ ፓዳ 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን 12ቱ ራሺዎች አሉ፤ እነዚህ በእኛም ኮከብ ቆጠራ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያልን የምንቆጥራቸው ናቸው። ነጥቡ በ8 መስመር ይሰጣል፤ ቫርና 1፣ ቫሽያ 2፣ ታራ 3፣ ዮኒ 4፣ ግራሃ ማይትሪ 5፣ ጋና 6፣ ባኩት 7፣ ናዲ 8። ሲደመር 36 ይመጣል፤ 18 እንደ ማለፊያ ይቆጠራል። ቁልቁል ሲወርዱ ክብደቱ ስለሚጨምር ናዲና ባኩት ብቻቸውን 15 ነጥብ ይይዛሉ። ድምሩን ብቻ አይቶ ስልኩን መዝጋት ትልቁ ጥፋት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቅጹ። ዘመኑን ስንቀይር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት እንጨምራለን። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት ነው። 1988፣ 1992፣ 1996፣ 2000 ዓ.ም. የገቡት መስከረም 1 ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ እንጂ 11 ላይ አይደለም፤ የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም. ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1992 ዓ.ም. ግን ኦክቶበር 21 ቀን 1999 ነው። ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ገደማ ስለምትጓዝ የአንድ ቀን ስህተት ማለት አንድ ሙሉ ናክሻትራ ማለት ነው። ለቀን ልደት የማይስተው ማረጋገጫ የሳምንቱ ቀን ነው። እናት «ሐሙስ ነው የወለድኩህ» ካሉና መተግበሪያው ረቡዕ ካሳየ፣ እናትየውን ይመኑ፤ ቀኑን አንድ ወደ ፊት ይግፉት።

ሰዓቱ ከዘመኑ ይብሳል፤ ምክንያቱም የዘመን ስህተት ዓይን ላይ ይወጣል፣ የሰዓት ስህተት ግን ተደብቆ ያልፋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተወለደች ልጅ በቅጹ ላይ 3:00 ኤኤም ናት። 9:00 ብሎ የሞላ ሰው 6 ሰዓት አሳልፎ ወሰዳት። በ6 ሰዓት ጨረቃ 3 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ያህል ትጓዛለች፤ ይህም አንድ ፓዳ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው። እንግዲህ ናክሻትራ 4 ፓዳ ካለው፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ከሚሞሉ 4 ሰዎች የአንዱ ያህል ናክሻትራ ሳያውቀው ይቀየራል ማለት ነው። የቀሩት ሦስቱ በአብዛኛው ትክክለኛ ውጤት ስለሚያገኙ ስህተቱ «ለእነ እገሌ ሠርቷል» እየተባለ ይቀጥላል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ወንዱ ሃስታ በሚባለው ናክሻትራ፣ ራሺው ሰንቡላ ነው እንበል። ሴቷ በትክክለኛ ሰዓቷ ሚርጋሺራ 4ኛ ፓዳ፣ ራሺዋ ገውዝ ነው። የሚርጋሺራ ናዲ መካከለኛው (ማድያ)፣ የሃስታ ደግሞ የመጀመሪያው (አዲ) ነው፤ ስለተለያዩ ሙሉ 8 ነጥብ ይሰጣል። ታራ የናክሻትራ ቆጠራ ነው፤ ከሴቷ ወደ ወንዱ ሲቆጠር 9፣ ከወንዱ ወደ ሴቷ 20 ይመጣል። 20ው በ9 ሲገደፍ 2 ይቀራል፤ መጥፎ የሚባሉት 3፣ 5 እና 7 ናቸውና ሁለቱም ደህና ነው፤ 3 ነጥብ። አሁን ያንኑ ሰዓት 9:00 ኤኤም ብለን ስንሞላ ጨረቃዋ አርድራ 1ኛ ፓዳ ትገባለች። የአርድራ ናዲ እንደ ሃስታ አዲ ነው፤ 8ቱ ዜሮ ሆነ። ከወንዱ ወደ ሴቷ ያለው ቆጠራ 21 ሆኖ በ9 ሲገደፍ 3 ስለሚቀር ታራው ወደ 1.5 ወረደ። ከሁለት መስመር 11 የነበረው 1.5 ብቻ ቀረ። የዮኒዋ እንስሳም ከእባብ ወደ ውሻ ተቀየረ። የሚገርመው ባኩትና ግራሃ ማይትሪ አልተነቃነቁም፤ ገውዝና ሰንቡላ አራተኛና አሥረኛ ስለሆኑ 7፣ የሁለቱም ጌታ ማለትም ገዢ ፕላኔት ሜርኩሪ (ዓጣርድ) ስለሆነ 5 እንዳሉ ይቆያሉ። ስለዚህ ወረቀቱ በደንብ የተሠራ ይመስላል፤ ከታች በቀይ ግን «ናዲ ዶሻ» ማለትም የናዲ ጉድለት ይላል። ትዳር የሚያስፈራራ ማስጠንቀቂያ የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከእጅ ሰዓታችን ነው።

የሌሊት ልደት ሌላም ወጥመድ አለው። «ሰኞ ሌሊት በ9 ሰዓት» ያልነው በፈረንጅ አቆጣጠር ማክሰኞ ነው፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚለው አነጋገራችን ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። ቅጹ ላይ የማክሰኞ ቀን ይሞላል። ከዚያ መተግበሪያው የልደቱን ዕለት ሰኞ ብሎ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ በህንዶቹ ፓንቻንጋ (የቀን መቁጠሪያ) ዕለት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መውጫ ስለሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገና ሰኞ ነው። ተሳስቷል ብለው ቀኑን አንድ ወደ ኋላ ከመለሱት ሙሉ ናክሻትራ ያጣሉ።

ቦታውን በተመለከተ የባሕር ዳር ስም በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በእጅ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ምሥራቅ፣ የሰዓት ቀጣና +3:00 ብለው ይሙሉ። ዘጌም ይወለዱ ጎርጎራ ለውጡ ኢምንት ነው፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ሲሻገሩት እንኳ የፀሐይ ልዩነቱ 3 ደቂቃ አይሞላም። የሚጎዳው ከተማው ተቀይሮ ቀጣናው በህንዱ +5:30 ሲቀር ነው፤ 2 ሰዓት ከግማሽ ይዘላል። ይህን ለመያዝ ቀላል ፈተና አለ። ማንኛውንም ቀን በ6:30 ኤኤም፣ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር ብለው ያስገቡ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ አድማስ ላይ ናትና በምሥራቅ የሚወጣው ነጥብ (ላግና) ከፀሐይ ዲግሪ ጋር መቀራረብ አለበት። ከ10 ዲግሪ በላይ ከተራራቁ ቀጣናው ተበላሽቷል። ልደት ከማስገባትዎ በፊት ይህን አንድ ጊዜ ማድረግ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

በቅንብሩ ውስጥ «አያናምሻ» የሚል ምርጫ ሲያገኙ ላሂሪ ላይ ይተዉት። ይህ በህንድ ዞዲያክና በፈረንጆቹ ዞዲያክ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አሁን ከ24 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለት ናክሻትራ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ፌስቡክ ላይ «እኔ ሊብራ ነኝ» የሚባለው ደግሞ በፈረንጁ አቆጣጠር ፀሐይ ያለችበት ስለሆነ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። አያናምሻውን እንደልብ ለመቀያየርና የጨረቃን ዲግሪ በግልጽ ለማየት ጃጋናታ ሆራ ይመረጣል፤ ገጹ ግን በቁጥር የተጨናነቀ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የስልኮቹ ይቀላሉ።

የወንድና የሴት ሳጥን እንዳይቀያየር። ቫርና የሚሰጠው የወንዱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ሲሆን ነው፤ ከላይ ያየናቸው ጥንዶች ቢገለበጡ ያቺ 1 ነጥብ ትጠፋለች።

ውጤቱ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ ያንብቡ። ናዲ ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ ማስነሻውን ይፈልጉ። ሁለቱ ጨረቃዎች በአንድ ራሺ ሆነው ናክሻትራቸው ከተለያየ (ለምሳሌ አርድራና ፑናርቫሱ፣ ሁለቱም በገውዝ)፣ ወይም ናክሻትራው አንድ ሆኖ ፓዳው ከተለያየ ብዙ የህንድ አዋቂዎች ጉድለቱን ያነሱታል። ባኩት ዜሮ የሚሆነው ራሺዎቹ 2ኛና 12ኛ፣ 5ኛና 9ኛ፣ ወይም 6ኛና 8ኛ ሲሆኑ ነው፤ የራሺዎቹ ጌታ አንድ ከሆነ ግን ይቃለላል። ሐመልና አቅራብ ሁለቱም የማርስ፣ ሠውርና ሚዛን ሁለቱም የቬነስ፣ ጀዲና ደለዊ ሁለቱም የሳተርን ናቸው። ነጻው ቅጽ ዜሮውን ጽፎ እዚያው ሊያቆም ስለሚችል ይህን ራስዎ ማየት ይኖርብዎታል።

«ማንግሊክ» የሚለው ቃል ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ነው። ማርስ ከላግና ሲቆጠር በ1፣ 4፣ 7፣ 8 ወይም 12ኛ ቤት ከሆነ ሰውየው ማንግሊክ ይባላል፤ በደቡብ ህንድ 2ኛውም ይጨመራል። ከ12 ቤት 6ቱ ከተቆጠሩ እንግዲህ ከሁለት ሰው አንዱ ማንግሊክ ነው። ከጨረቃና ከቬነስም የሚቆጥሩ አሉ፤ ያን ጊዜ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለቱም ማንግሊክ ከሆኑ ደግሞ ይካካሳል ይባላል። ላግና በአማካይ በየ2 ሰዓቱ ስለሚቀየር፣ የልደት ሰዓቱን በግምት የሚያውቅ ሰው ይህን መስመር ጨርሶ ባያነበው ይሻላል።

እዚህ አገር ሰዓቱ የተመዘገበለት ሰው ጥቂት ነው፤ «በሚካኤል ማታ»፣ «በማርያም ማግስት፣ ዶሮ ሲጮህ» ነው የሚባለው። ቀኑ ከዚህ ይገኛል፤ ወርኃዊው ሚካኤል 12፣ ማርያም 21 ነው። ለሰዓቱ ያንኑ ልደት ሁለት ጊዜ ያስሉት፤ አንዴ ሊሆን በሚችለው የመጀመሪያ ሰዓት፣ አንዴ በመጨረሻው። ናክሻትራውና ራሺው በሁለቱም አንድ ከሆኑ 36ቱ ነጥብ ያለ ትክክለኛ ሰዓት ይወጣል። ከተለያዩ ሁለቱንም ውጤት ይያዙ፤ የተሻለውን መርጦ ማሳየት ቤተሰብን ማታለል ነው።

«በስም ማዛመድ» የሚለውን አማራጭ አይንኩት። በህንድ ለሕፃኑ የሚሰጠው ስም በተወለደበት ፓዳ ፊደል እንዲጀምር ስለሚደረግ ለ108ቱ ፓዳዎች 108 ፊደሎች ተመድበዋል። የእኛ ሰው የክርስትና ስሙን በቅዱሱ ዕለት፣ የዓለም ስሙን በወላጁ ምኞት የሚያገኝ ስለሆነ የስሙ መጀመሪያ ስለ ጨረቃው ምንም አይናገርም። የእኛው የራስንና የእናትን ስም ፊደል ደምሮ በ12 መግደፍ ሌላ ስልት ነው፤ ሁለቱን አቀላቅሎ «ህንዶቹም እንዲሁ አሉ» ማለት ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ናዲ የደም ዓይነትን ያሳያል የሚሉ ገጾችም አሉ። ናዲ የሚወጣው ከጨረቃ ቦታ ብቻ ነው፤ ደም አይለካም። ሴቷ አርኤች ኔጋቲቭ፣ ወንዱ አርኤች ፖዘቲቭ መሆናቸው የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው፤ ከታወቀ ደግሞ ለእርግዝና ጊዜ የሚሰጥ መርፌ አለው። ዝምድናም በ36ቱ ውስጥ የለም። ህንዶቹ ጎትራን ማለትም የአባት ዘር ሐረግን ለብቻው ይጠይቃሉ፤ እኛም ሰባት ቤት መቁጠሩን ለአያቶች እንተወዋለን፤ የትኛውም መተግበሪያ አይቆጥርልንም።

በመጨረሻ የሚመጣው «ከአስትሮሎጀር ጋር ይነጋገሩ» የሚል በደቂቃ የሚያስከፍል ቁልፍ ነው። ከዚያ በኋላ የከበረ ድንጋይ ቀለበት ወይም «ኩምብ ቪቫህ» ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህ ማንግሊክ የተባለውን ሰው አስቀድሞ ከሸክላ ማሰሮ ወይም ከዛፍ ጋር የማጋባት ሥርዓት ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «የልጅቷ ጨረቃ በስንት ዲግሪ፣ በየትኛው ናክሻትራ፣ በስንተኛው ፓዳ ናት?» ይበሉ። መልሱ ራስዎ በ+3:00 ካወጡት ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ሰዓቱን እንደገና ሳይጠይቅ መድኃኒት ማዘዝ ከጀመረ፣ ስልኩን ይዝጉት።