ባሌ ተራሮች ስትሄዱ የት ይታደራል? ዲንሾ፣ ሮቤና ጎባ ወይስ ሀረና

በመኪና ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ሮቤ ላይ ሆቴል ይይዝና ሁሉንም ሌሊት እዚያው ያድራል። ይመቻል፣ ግን አልመክርም። የደጋ አጋዘን በደንብ የሚታየው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አስፋልት ላይ ከሆናችሁ ዋናው ነገር አመለጣችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት ዲንሾ እደሩ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚህ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያና የአስጎብኚ ጉዳይ እዚሁ ያልቃል። ቆየት ያለ ሎጅና የድንኳን ቦታም አለ። ምቾት ግን አትጠብቁ። ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይበርዳል። ወፍራም ብርድ ልብስና የሚበላ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ላይ ግን ከኮሶውና ከጽዱ ሥር አጋዘኑ ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ወንዱ ያን ጥምዝ ቀንዱን ቀና አድርጎ ያያችኋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ከርከሮ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለዚህ አንድ ብርዳም ሌሊት መክፈል አይበዛም።

ሮቤና ጎባ ተቀራራቢ ከተሞች ናቸው። ሮቤ ሰፋ ይላል፤ ሆቴል፣ ባንክ፣ ነዳጅ፣ አውሮፕላን ማረፊያም አለው። ከሁለቱ ምረጡ ብትሉኝ ግን ጎባን እላለሁ። የፓርኩ ከፍተኛ አምባ ወደሆነው ሳነቴ የሚወጣው ዳገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። በጠዋት ከተነሳችሁ ፀሐይዋ ሳትበረታ 4,000 ሜትር ላይ ናችሁ። ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን ስለሚያድን ጅብራው መሀል የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ ልታዩት ትችላላችሁ። መኪናዋ 4,377 ሜትር ያለው ቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ ትወጣለች። ከፍታ ራስ የሚያሳምመው ሰው ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ጎባ ከዲንሾ ዝቅ ስለሚል ለመኝታ ይሻላል።

የሀረና ጫካ ሳነቴን ተሻግሮ ቁልቁል ነው። አየሩ ይሞቃል፤ ሪራ አካባቢ ቀርከሃው፣ ዝቅ ሲል የዱር ቡናውና ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ይመጣል። እዚያ ማደር የድንኳን ሰው ምርጫ ነው። ማረፊያ ካሰባችሁ ክፍት መሆኑን ሳትደውሉ አትነሱ፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ መኪና ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

ሁለት ሌሊት ካላችሁ አንዱን ዲንሾ፣ አንዱን ጎባ አድርጉት። ሦስተኛ ከተገኘ ሀረና ይጨመር። ነዳጁን ግን ከሮቤ ወይም ከጎባ ሳትሞሉ ሳነቴን አትሻገሩ።