በርበሬዬን አብሮኝ የመዘነው ልጅ

ኮምቦልቻና ደሴ ሱቅ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሥራዬን ያቃናልኝ ልጅ ስሜን እንዳትጠሪ ብሎኛል፣ አልጠራም። ዝም ብል ግን ግፍ ይሆንብኛል።

ባልትና ነው የምሠራው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በሬን ቆልፌ ወጣሁ። ስመለስ በሩም የለም። ሚዛኑ፣ ጆንያው፣ ማሸጊያዋ፣ ሁሉም ሄዷል። ዕቁብ ሲወጣልኝ እንደገና ጀመርኩ። እጅሽ ይጣፍጣል ይሉኛል፣ ይገዙኛል፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ብሩ የለም። የሰው ዓይን ነው እስከማለት ደርሼ ነበር።

ምክር ያልፈለግኩበት ቦታ የለም። አንዱ ጋ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበው ሦስት ቀን ስላይድ አሳዩን፤ እኔ የገባኝ ሻዩ ብቻ ነው። ሌላው ቢሮ "ነገ ነይ" እያለ ሁለት ወር አመላለሰኝ። የባሰው ግን ለብድር ቢዝነስ ፕላን እሠራልሻለሁ ብሎ 4,000 ብር የተቀበለኝ ሰውዬ ነው። ወረቀቱ ያምራል፣ ባለቀለም ነው። ማታ ልጄ ስታነብልኝ ገጽ 6 ላይ "የጫጩቶች ሞት" ይላል። ጫጩት! እኔ በርበሬ ነው የማስፈጨው። ለካ የሌላ ሰው የዶሮ እርባታ ላይ ስሜን ለጥፎ ነው የሸጠልኝ። ብደውል አያነሳም። አሁን እስቃለሁ፣ ያን ቀን ግን አልቅሻለሁ።

በኋላ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ "ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እየመጡ የሚያግዙ አሉ፣ ኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ይባላሉ፣ በነጻ ነው" አለችኝ። በነጻ ስትለኝ ጭራሽ ተጠራጠርኩ።

ልጁ ከኮሌጁ መጣ። ቡና ጠጣ። ከዚያ "አንድ ፈረሱላ ዛላ አምጭ፣ እንመዝን" አለኝ። 17 ኪሎ ሞላ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቀነጠሰ፤ ዓይኑ እያለቀሰ፣ እያስነጠሰው። ዛላው ፀሐይ ጠጥቶ ሲደርቅ ተመልሶ መጣና መዘነው። 14 ኪሎ አልሞላም። "እታለም፣ አንች ዋጋ የምታወጭው በ17ቱ ነው፣ የምትሸጭው ግን ይሄን ነው" አለኝ። ዝም አልኩ። ስንት ዓመት በየፈረሱላው ሦስት ኪሎ ስጥል ኖሬ የሰው ዓይን ስፈራ! የወፍጮውን፣ የባጃጁን፣ የራስሽንም ድካም አስቢ አለኝ። "የኔንም?" ብዬ ሳቅሁ። "ሰው ብትቀጥሪ በነጻ ይሠራልሻል?" አለ። ፊቴን አይቶ "አብሽሪ፣ ይስተካከላል" አለኝና ሄደ። ያቺ አብሽሪ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።

ካይዘን ነው ብሎ ጓዳዬንም አገላብጦታል። ዕቃን ሁሉ በቦታ በቦታው የማድረግ የጃፓን ነገር ነው፣ ሌላው እኔ አልገባኝም። ወንፊት ፍለጋ ግን ቀርቷል።

ደግሞ ደብተር ሰጠኝ። "ሰው ጠይቆሽ የለኝም ያልሽውን ሁሉ ጻፊ" አለ። ጻፍኩ። ሩብ ኪሎ፣ ሩብ ኪሎ፣ አሁንም ሩብ ኪሎ። ለካ ተከራይተው የሚኖሩት የፋብሪካ ልጆች ኪሎ መግዛት ስለሚከብዳቸው ዝም ብለው ያልፉኝ ነበር። አሁን ሩብ ሩብ እያሸግኩ ከሁሉም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። የሾርባ ገብስም ደብተሩ ላይ ተደጋግሞ አገኘሁት። በ2017 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገቡ ሽሮውንም ገብሱንም አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ወሎ አይደል፣ አንዷ ደንበኛዬ ሽሮውን ለቤቷ፣ ገብሱን ለጎረቤቷ ማፍጠሪያ ገዝታ ሄደች።

እባካችሁ ብራችሁን ለወረቀት አትክፈሉ። የከተማችሁ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ቢሮ ሂዱና "የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይመደብልኝ" በሉ። ነገ ቢሏችሁም ነገ ሂዱ። ሂዱ ብያለሁ!

ልጄ፣ አላህም እግዜርም ይስጥህ። በርበሬ ስሰጥህ "አይፈቀድልኝም" ብለህ እንቢ ብለሃል። እኔም ለእናትህ በሰው ልኬያለሁ። ሙሉ ኪሎ ነው፣ ከተቀነጠሰና ከደረቀ በኋላ የተመዘነ።