«ኮመን» ወይስ «ዋይድስፕሬድ»?

በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ብዙዎች «ኮመን» እና «ዋይድስፕሬድ» የተባሉትን ቅጽሎች እንደ አቻ ያፈራርቋቸዋል፤ ይሁንና የመጀመሪያው አንድ ነገር ምን ያህል በብዛት ወይም በተደጋጋሚ እንደሚያጋጥም ሲገልጽ፣ ሁለተኛው ምን ያህል ቦታ ወይም ሕዝብ እንዳዳረሰ ይናገራል። ልዩነቱ በዱር እንስሳት ላይ ጎልቶ ይታያል፦ ጭላዳ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በትልልቅ መንጋ ስለሚታይ በዚያ ስፍራ «ኮመን» ነው ማለት ትክክል ቢሆንም፣ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ውጭ በዱር ስለማይኖር «ዋይድስፕሬድ» ሊባል አይችልም። ነብር በአንጻሩ ከአፍሪካ እስከ ሩቅ ምሥራቅ እስያ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ ሁለተኛው ቃል ይስማማዋል፤ በብዙዎቹ መኖሪያዎቹ ግን ቁጥሩ አነስተኛ በመሆኑ የመጀመሪያው አይገባውም።

ስለዚህ አንድ ችግር በጥቂት ቦታዎች ብቻ ደጋግሞ መታየቱን የሚያውቅ ዘጋቢ «ዋይድስፕሬድ» ብሎ ቢጽፍ፣ ያላረጋገጠውን ስርጭት እንደ እውነት አቀረበ ማለት ነው፤ ይህ በእኔ እምነት ከሰዋስው ስሕተት የከፋ ነው።

ለጉዳት፣ ለተቃውሞና ለድጋፍ «ዋይድስፕሬድ» ይመረጣል። «ኮመን» «የጋራ» የሚል ፍቺም ስላለው ከድንበርና ከጥቅም ጋር ይሄዳል፤ ስለ ሰው ሲነገር ግን፣ በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ፣ «ተራ፣ ሥነ ሥርዓት የጎደለው» የሚል ንቀት ሊያዝል ይችላል።