በርሚንግሃም ላሉ ወላጆች፦ የልጄን የሃይማኖት ትምህርት መምህርት ላመስግን

በርሚንግሃም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ ያላችሁ፣ ይህን የምጽፈው አንዲት መምህርትን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም። ልጅ ለማስመዝገብ የምታስቡ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ትምህርት ቤቱን እነግራችኋለሁ።

ባለፈው መስከረም የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ በዚህ ዓመት ስለ እስልምና፣ ስለ አይሁድና ስለ ሲክ እምነት እንደሚማር ሲነግረኝ ሆዴ ተረበሸ። የራሱን ጸሎት ገና አጥርቶ ያልያዘ ልጅ፣ በሰው አገር ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁ። በእንግሊዝ ሕግ ወላጅ ምክንያት መስጠት ሳያስፈልገው ልጁን ከሃይማኖት ትምህርት ማስወጣት ይችላል። ደብዳቤውን ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

መምህርቷ አልተከራከሩኝም። «መብትዎ ነው» አሉኝና፣ ከመወሰኔ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ እንድመለከት ጋበዙኝ። የዓመቱን ዕቅድም አውጥተው አሳዩኝ። የከተማችን መርሐ ትምህርት በ24 የጠባይ እሴቶች ዙሪያ የተዋቀረ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ አመስጋኝ መሆን፣ ፍትሐዊ መሆን፣ ለሰውና ለእንስሳት መራራት፣ ትሑት ሆኖ ሌላውን ማዳመጥ። እናቴ ደሴ ላይ ጠዋት ማታ የምትመክረኝ ይህንኑ ነበር። በርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ1975 የብዙ ሃይማኖቶችን ትምህርት ያካተተ መርሐ ትምህርት በማውጣት ከቀደሙት ከተሞች አንዷ ናት። በእንግሊዝ ይህ ትምህርት እንደ ሒሳብ በብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ስላልተካተተና መርሐ ትምህርቱ በየአካባቢው ስለሚወጣ፣ ሌላ ከተማ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ጠይቃችሁ ብታነቡት መልካም ነው።

ክፍል ውስጥ የሰማሁት የተመዘነ ቃል ነው። «ሲኮች እንዲህ ያምናሉ»፣ «ብዙ ክርስቲያኖች እንዲህ ይላሉ» እያሉ ያስተምራሉ፤ ማንንም ከማንም አያስበልጡም። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ እውነቱ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። «እሱን ቤት ሄደሽ ከቤተሰብሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ የእኔ ሥራ ሰዎች የሚያምኑትን ሳታዛቢ እንድትረጂ ማገዝ ነው» አሏት። ልጄ ያንኑ ጥያቄ ማታ ለእኔ አመጣው። የቻልኩትን መለስኩለት፤ የቀረውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባታችን ራሱ አቀረበ። ማንም ሳይገፋው ስለ እምነቱ ሲጠይቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለ እስልምና በተማሩ ሰሞን ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ገና ከበሩ ላይ «እማዬ፣ አቢሲኒያ ማለት እኛ ነን?» አለኝ። መምህርቷ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም ስለመጡት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች፣ አሳልፌ አልሰጣችሁም ስላላቸውም ክርስቲያን ንጉሥ ነግረዋቸዋል። ከፓኪስታን ቤተሰብ የተወለደው ጓደኛው «የእናንተ ንጉሥ ደግ ነበር» እንዳለው ደጋግሞ አወራልኝ። እኔ ደሴ ከሙስሊም አክስቶቼ ጋር አረፋንም ፋሲካንም አብሬ እየበላሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። አገሬ ሳለሁ ያልፈራሁትን እዚህ መፍራቴ ያን ጊዜ ተሰማኝ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን በዐቢይ ጾም በሶሆ ሮድ ወደሚገኘው የሲኮች ቤተ ጸሎት፣ ጉርድዋራ፣ ሲሄዱ የሆነው ነው። እኔም አጃቢ ወላጅ ሆኜ ሄጄ ነበር። ልጄ ማንም ሳያዝዘው በሩ ላይ ጫማውን አወለቀና አጠገቡ ላለው የሲክ ልጅ «በእኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ነው» አለው። ሁለቱ ጫማዎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ገቡ። በዚያ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ በነጻ ምግብ ይቀርባል፤ ሀብታምም ድሃም ወለል ላይ እኩል ተቀምጦ ይበላል። ሥጋ ባይኖርበትም ቅቤና ወተት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ልጄ ከሌሎቹ ተለይቶ ጾሙን ሊውል ነው ብዬ ከፍቶኝ ነበር። ለካስ መምህርቷ ከቀናት በፊት ወደ ወጥ ቤቱ ደውለዋል። በዘይት ብቻ የተሠራ ምስር በትንሽ ሳህን ለብቻ ተቀምጦ ጠበቀው።

ስለዚህ እንደ እኔ ደብዳቤ የጻፋችሁ ካላችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን ክፍሉን ለማየት ጠይቁ። መርሐ ትምህርቱን፣ የጉብኝቱን ቀንና የሚቀርበውን ምግብ ጭምር ጠይቁ። የጾም ወራትን አስቀድማችሁ ለመምህሩ ንገሩ፤ የእኛ ፋሲካ ከእነሱ ጋር የማይገጥምበት ዓመት ብዙ ስለሆነ ካልተነገራቸው አያውቁም።

መምህርት ሆይ፣ በእንግሊዝኛ አመስግኜዎታለሁ፤ በቋንቋዬ ካልተናገርሁት ግን አልወጣልኝም። ልጄ ጾሙን ሳይሽር ከጓደኞቹ እኩል ተቀምጦ እንዲበላ ብለው ስልክ ስለደወሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።