ለአራት ሰው ትሪ የማያቀርበው ክትፎ ቤት

«ትሪ የለንም።»

ክትፎ ቤት ተቀምጬ እንዲህ ያለ ቃል እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አስተናጋጁ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሽርጥ፣ እጁ ላይ ታብሌት። ፈገግ እያለ ነው የሚናገረው። ይበልጥ ያበሸቀኝም ፈገግታው ሳይሆን አይቀርም።

ያዘዝነው የሚከብድ ነገር አልነበረም። አራት ነን፤ ሁለት ልዩ ክትፎ፣ አንዱ ጥሬ አንዱ ለብለብ፣ አንድ ሸክላ ጥብስ፣ አንድ ጎመን ክትፎ፣ ሁሉም በአንድ ትሪ። ልጁ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና «ለአራት ሰው አራት ዋና ምግብ ነው የሚታዘዘው፤ ጎመን ክትፎ እንደ ዋና አይቆጠርም» አለን። እሺ፣ ክትፎውን ሦስት አድርገው፣ ብቻ አንድ ላይ አምጣልን አልነው። ትሪ የለም የተባለው ይሄኔ ነው። «ለየብቻ ነው የምናቀርበው። ለመካፈል ተጨማሪ ሳህን አለ» ብሎ ጨመረበት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ክትፎ ቤት አይደለም እንዴ?» አለው መምህሩ ጓደኛችን።

«ነው ጋሼ» አለና ሄደ። መምህሩ ከሁላችን በወራት ቢበልጥ ነው፤ ከትሪው ይልቅ «ጋሼ» መባሉ ነው ያንገበገበው።

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ እንዲገባችሁ ስለ ቅዳሜያችን ትንሽ ላውራ። ስድስት ኪሎ ተማሪ ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ የቅዳሜ ምሳ አብረን ነው። ያኔ አንድ ሽሮ ለአራት ነበር፣ እንጀራ እያስጨመርን። ሥራ ስንይዝ ወደ ክትፎ አደግን። ካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ ተገብቶ የምትገኝ፣ ደጃፏ ላይ ስም እንኳ ያልተጻፈባት የቆርቆሮ ቤት ነበረችን። ባለቤቷ፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ስንገባ በዓይናቸው ቆጥረውን የሚበቃ ትሪ ያወጣሉ፤ ምን እንደምንበላ የሚጠይቁን ለወጉ ያህል ነው። አንድ የነሐሴ ቅዳሜ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘንና እስኪመሽ እዚያው ቀረን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ አያነጋግርም፤ በምልክት እየተግባባን፣ እየሳቅን፣ ትሪው ላይ የቀረውን ቆጮ በአዋዜ ጨረስነው። እትዬ ቡና አፍልተው ከአቦል እስከ በረካ አጠጡን፣ ሒሳቡ ውስጥም አላስገቡት። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ያቺ ቤትም አብራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያችን ስደተኛ ነው፤ አንዴ ሳር ቤት፣ አንዴ ቦሌ፣ አንዴ ማንም ያልወደደው አንድ ፎቅ ላይ።

ይሄኛው ኡራኤል አካባቢ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ የሰው እንጀራ መዝጋት አልፈልግም። አካባቢውን የሚያውቅ ያገኘዋል።

ሜኑው በስልክ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን ማድረግ ነው። ጥቅሙ ለእነሱ ነው። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይተመን ከተባለ በኋላ በየቤቱ የወረቀቱ ሜኑ ላይ ነጭ ቁራጭ ወረቀት እየተለጠፈ አዲስ ዋጋ ይጻፍበት ነበር፤ እኛም በጥፍራችን ፋቅ አድርገን የድሮውን እያየን እንተክዝ ነበር። አሁን ዋጋው ሌሊቱን ተቀይሮ ቢያድር ምስክር የለም። ልዩ ክትፎ 1,200 ብር ይላል። ይላል ነው እንጂ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ይታከልበታል፣ በእሱ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት፤ 1,200 የተባለው ከኪሳችሁ ሲወጣ 1,518 ነው። ይህን የምታሰላልን ባንክ የምትሠራው ጓደኛችን ናት። ምግቡ ሳይመጣ ነው የምትጀምረው፤ የምግብ ፍላጎት በመዝጋት የሚያክላት የለም።

ምግቡ ሲመጣ እኔ ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር። ክትፎው ግን አስቆመኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ሥጋው እኩል አለመሆኑን ነው። የደቀቀም አለ፣ ከምስር ከፍ ያለ ቁራጭም አለ። በማሽን የተፈጨ ሥጋ እንዲህ አይሆንም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ሊጥ ይመስላል። ይሄ በቢላ የተከተፈ ነው። ጅማቱንና ሞራውን ለቅሞ ማውጣት፣ ሥጋውን በስሱ መዘርጋት፣ ከዚያ ገበታ ላይ ደጋግሞ መክተፍ ጊዜም ክንድም ይፈጃል፤ ብዙ ቤት ወደ ማሽን የዞረው ለዚህ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ይታወቃል። ማኘክ አለው፣ ጥርስ ላይ የሚቀር ነገር ግን የለውም።

ቅቤው ደግሞ ቅቤ ነው። ዘይት አልተቀላቀለበትም፤ ሲነጠርም አልተቃጠለም። ኮሰረቱ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይመጣል፣ ኮረሪማው ኋላ ላይ ጉሮሮ ጋ ይቀራል። ሚጥሚጣው ሥጋው ውስጥ በልኩ ነው የገባው፤ ለሚያምረው ተጨማሪው ለብቻው ዳር ላይ ተደርጓል። ለብለብ ብለን ያዘዝነውም በትክክል ለብለብ ሆኖ መጣ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ለብለብ ብለን አዝዘን ስንት ጊዜ ግማሽ ጥብስ የሆነ ቡናማ ነገር ቀርቦልናል! እዚህ ሥጋው ቅቤው ውስጥ ሙቀት አገኘ እንጂ አልበሰለም፤ ቅላቱ እንዳለ ነው፣ ጣባውም እስከ መጨረሻው ሙቀቱን ይዞ ቆየ።

ስለ ቆጮው ካልተናገርኩ ግን ግፍ ነው። ብዙ ቦታ ቆጮ ወፍሮና ቀዝቅዞ ይመጣና አኝከን አኝከን ትተነው እንሄዳለን። የዚህ ቤት ቆጮ በስሱ ተቆርጦ ምጣድ ላይ ደገም ተደርጓል፤ ጠርዙ ኮርሸም ይላል፣ መሀሉ ለስላሳ ነው፣ ያቺ የእንሰት ኮምጠጥ ማለትም አለች። በእሱ ላይ ክትፎ፣ ከላይ ትንሽ አይብ። አይቡ ያልኮመጠጠ፣ ውሃው በደንብ የተጠነፈፈ። መምህሩ እንኳ ዝም አለ፤ እሱን ያስቆመ ምግብ የለም።

ዝም ያልነው ግን ሁላችንም ነበርን፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመጣው። እያንዳንዳችን ሳህናችን ላይ አጎንብሰን በላን። የኔ ጥሬ፣ የሱ ለብለብ፣ የእሷ የበሰለ፤ ማንም የማንን አልቀመሰም። ኢንጂነሩ ጓደኛችን አላስቻለውም። ከለብለቡ ጠቅለል አድርጎ ለባንከሯ ሊያጎርስ እጁን ሰደደ፤ የውሃ ጠርሙሱን አልፎ፣ የእኔን ሳህን ተሻግሮ ሳይደርስ ቅቤው ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተንጠባጠበ። ልጁ ከየት መጣ ሳይባል ሶፍት ይዞ ደረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ባንከሯ «ተው በናትህ፣ የእጥበት ያስከፍሉናል» አለችው።

በሳህን መብላት ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ጾም ሲሆን ጣይቱ ሆቴል የጾም ቡፌ ስንበላ የየራሳችንን ሳህን ይዘን ነበር፤ ቡፌ ነውና ማንም ትሪ አይጠብቅም። የቦታ ጥበትም አይደለም። ፒያሳ ቶሞካ ቆመን ነው ማኪያቶ የምንጠጣው፣ ክርናችን ከማናውቀው ሰው ክርን ጋር እየተነካካ፤ ተናድደን አናውቅም። ክትፎ ቤት አራት ሰው ይዞ የሚመጣ ሰው ግን መሀል ላይ አንድ ነገር እንዲቀመጥለት ነው የሚመጣው። ያ ከሌለ ቢሮ አጠገብ ያለ ሬስቶራንት ለብቻዬ ምሳ ብበላ ምን ልዩነት አለው?

ሸክላ ጥብሱን በአጭሩ ልለፈው። ሸክላው ሥር ከሰል የለም፣ ሥጋው ቀዝቅዟል፣ የጥብስ ቅጠሉ ከሥጋው በልጧል። ክትፎውን የሠራ እጅ ይህን ሠርቷል ብዬ አላምንም። አትዘዙት።

ሥራ አስኪያጁን ያስጠራው መምህሩ ነው። ሰውየው ትሑት ሆኖ መጣ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ነገሩንም ሳይደብቅ ነገረን። «ቅዳሜ ስድስት ሆነው ይመጣሉ፣ ሁለት ክትፎና አንድ አምቦ ውሃ ያዝዛሉ፣ እስከ አሥር ሰዓት ይቀመጣሉ። እኔ ኪራዩን በምን ልክፈል?» አለን። እውነት አለው። መሀል ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ቫቱና ሰርቪሱም እሱ ኪስ ገብተው አይቀሩም። እዚያው በልቤ ይቅርታ አደረግኩለት ማለት ይቻላል። ታዲያ ሰዓት ይገድብ፤ ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም ብሎ በር ላይ ይለጥፍ። ወይም ትሪውን ይግዛና በሰው ቁጥር ያስከፍል፤ ለአራት ሰው የሚል ማኅበራዊ የሚያቀርቡ ቤቶች ሞልተዋል፣ እነሱም አልከሰሩም። ይህንኑ አልነው። «እናስብበታለን» አለ።

ከዚያ ሒሳብ መጣ።

ባንከሯ ደረሰኙን ወደ መብራቱ አስጠግታ አነበበችው። «ተጨማሪ ሳህን፣ 4፣ 200 ብር።» ያላዘዝነው፣ ምግብ ያልተቀመጠበት፣ ከምግቡ ጋር አብሮ መጥቶ ጠረጴዛው ዳር ተደርድሮ የነበረው ባዶ ሳህን ነው። በዚያ ላይ ሰርቪስና ቫት ሲታከልበት 253 ብር። ባዶ ሳህን ቫት ተከፈለበት! ሥራ አስኪያጁ ገና አልራቀም ነበር፤ መልሰን ጠራነው። ደረሰኙን አየ፣ ልጁን አየ፣ «ለዛሬ ይነሳላቸው» አለ።

ለዛሬ።

ያች ቃል ናት ይቅርታዬን መልሳ የወሰደችው። የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጡት፣ ደረሰኝ የማያነብ ጓደኛ ያላቸው ሰዎች፣ ሳህኑን ይከፍሉታል ማለት ነው። ዋጋ ውድ ነው ብሎ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ውድ ነገር ዐውቀን ገብተን በልተናል። ባልተነገረ ነገር ማስከፈል ግን ሌላ ነው። ሳህን ለመካፈል 50 ብር የሚያስከፍል ቤት ቢያንስ ያንን ኪውአር ኮዱ ውስጥ ይጻፈው፤ ቦታ እንደሆነ አይጠብበትም።

ልጁን ግን አልወቅስም። የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ስንወጣ ጉርሻውን ለብቻው በእጁ ሰጠነው፤ ሰርቪስ የሚባለው እሱ ጋ መድረሱን ጠይቀን ፈገግ ብሎ ዝም ስላለን። መምህሩም «ጋሼ አትበለኝ እንጂ ጎበዝ ልጅ ነህ» አለው። «እሺ ጋሼ» አለው ልጁ።

እንግዲህ ክትፎው ከአምስት አምስት ነው፤ ዘንድሮ መሀል ከተማ ከቀመስኩት ይሄን የሚበልጥ የለም። ቆጮው አምስት። ጥብሱ አንድ፣ እሱም ለሸክላው። አቀባበሉ ሁለት። ለሁለት ሰው፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚያወራ ጥንድ፣ ወይም ለብቻው ጥሩ ክትፎ ለሚያምረው ሰው ሂዱ እላለሁ፤ ከሰባት ሰዓት በፊት ከሆነ ቦታ አይጠፋም። በቡድን ለምትሄዱ ግን አስቀድማችሁ ደውሉና ስለ ትሪውም ስለ ሳህኑም ጠይቁ።

እኛ መላ አግኝተናል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ክትፎውን አስጠቅልለን አራት ኪሎ መምህሩ ቤት ልንበላ ነው፤ ሚስቱ ትልቅ ትሪ አላት። እናንተም እንደዚያ የምታደርጉ ከሆነ ሥጋውን ጥሬውን ውሰዱ፣ ቅቤውን ለብቻው በዕቃ አስደርጉት። አብሮ ከተለወሰ መንገድ ላይ ይረጋና ሥጋው ይያያዛል። ለብቻው ከሆነ ግን ቤት ስትደርሱ ቅቤውን ሞቅ አድርጋችሁ መለወስ ነው። ቆጮውም ምጣድ ላይ ነካ ከተደረገ ኮርሸም ማለቱ ይመለሳል።