የጓሮ ወይናችንን ለሚገርዝልን አትክልተኛ፦ እጅህ ይባረክ

ስሙ በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወድ ሥራውን እናነሳለን። ያረጀ የወይን ሐረግ ያለበት ጓሮ የተረከበ ጀማሪ፣ እንዲህ ያለ ሰው ጠርቶ አንዴ ቢያስገርዝና አጠገቡ ቆሞ ቢያይ ብዙ ይጠቀማል።

ይህ ሰው መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ዓይን፣ ማለትም አዲስ ለጋ የሚፈነዳበትን እብጠት፣ ይቆጥራል። ወይን የሚያፈራው አምና በበቀለ ቀንበጥ ላይ ካሉ ዓይኖች በሚወጣ አዲስ ለጋ ነው፤ ከአሮጌ ግንድ የሚፈነዳው በአብዛኛው ቅጠል ብቻ ይሆናል። የአምናው ቀንበጥ ቅርፊቱ ልስልስ ያለ ቡናማ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል ነው። የአሮጌው ቅርፊት ግን ተልጦ ይንጠለጠላል። ይህን ያልለየ ሰው ወይ ፍሬ ሰጪውን ጠርጎ ይጥላል፣ ወይ ሳስቶ ሁሉንም ይተወዋል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሳስቶ ብዙ በመተዉ ነው፦ ዓይን በበዛ ቁጥር ዘለላው ይበዛል፣ ፍሬው ያንሳል፣ ይኮመጥጣል፤ በተጨናነቀው ቅጠል ውስጥም ሻጋታ ይገባል።

እሱ ከአምናው ዕድገት ከ80 እስከ 90 በመቶውን ያነሳል። መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል። በደንብ በቆመ ሐረግ ላይ የሚቀረው ከ40 እስከ 60 ዓይን ነው። ሐረጉን በሚደግፈው ሽቦ ላይ በተዘረጉት ክንዶች (ወፍራም ቅርንጫፎች)፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየራቀ፣ ባለ 2 ዓይን አጭር ጉቶ ይተዋል። ይህ ለሁሉም ዝርያ አይሠራም። እንደ ቶምፕሰን ሲድለስ ያሉት በቀንበጡ ግርጌ ያሉ ዓይኖቻቸው ስለማያፈሩ፣ አጥሮ የተገረዘ ሐረግ ለምለም ሆኖ ባዶውን ይከርማል። ለእነሱ ከ8 እስከ 12 ዓይን ያለው ረጅም ቀንበጥ ይተውና፣ ለከርሞ ምትክ የሚሆን ባለ 2 ዓይን ጉቶ አጠገቡ ያስቀምጣል። ዝርያው ካልታወቀ ግማሹን አጭር፣ ግማሹን ረጅም አድርጎ ይገርዛል፤ አበባው የትኛው ላይ እንደወጣ ታይቶ በቀጣዩ ዓመት ይወሰናል። ከሥራው ሁሉ በጣም የወደድነው ይህን ነው።

የሚቆርጠው ከላይኛው ዓይን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ እንጨቱ ከቁስሉ ወደ ታች ስለሚደርቅ ዓይኑ አብሮ እንዳይሞት። ወፍራም ክንድ ሲያነሳም ከግንዱ ጋር አስተካክሎ አይቆርጥም፤ አጭር ጉቶ ይተዋል። ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ሲሻገር ስለቱን በ70 በመቶ አልኮል ይጠርጋል። ዘግይቶ ከተገረዘ ቁስሉ ውሃ ያነባል። ይህ ጉዳት የለውም፣ ቀለም መቀባትም አያሻም።

ለጋዎቹ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ደግሞ ይመለሳል። ከግንድ የፈነዱትን ትርፎች በጣቱ ይነቅላል፣ በአንድ ለጋ ላይ 1 ወይም 2 ዘለላ ብቻ ያስቀራል። ሐረጉ የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ወይን ሥር ላይ የተጣበቀ ከሆነ፣ ከተጣበቀበት ቦታ በታች የሚወጣውን አይምርም፤ የመሠረቱ ተክል እንጂ የሚፈለገው ወይን አይደለምና። ፍሬው ከያዘ በኋላ በዘለላዎቹ ዙሪያ ያለውን ቅጠል የሚያሳሳው በጠዋት ፀሐይ በኩል ነው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ፍሬውን ያቃጥላል። ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ገና ሲጀምር ድኝ ይረጫል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ካለፈ ግን ድኝ ቅጠል ስለሚያቃጥል አይነካውም።

ማዳበሪያ ጨምር ቢሉት እሺ አይልም፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይገኝም።

አንድ ነቀፋ አለን፦ እጁ ፈጣን ነው፣ ሳይጠየቅም አያስረዳም። አስቁማችሁ ጠይቁት። ሌላ ሰው የምትጠሩ ከሆነ ደግሞ «ፍሬው የሚወጣው የትኛው እንጨት ላይ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ፤ መልሱን ሳይሰጥ እንደ አጥር ሊከረክም የተነሳውን ሸኙት።

የእኛን አትክልተኛ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ጊዜው ግን ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ዓይኖቹ ማበጥ ሳይጀምሩ ይሁን።