ሽጉጥ፣ ሾትገን ወይስ ጠመንጃ? ለቤት ጥበቃ መሣሪያና ጥይት ለሚመርጡ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ወገናችን ቤቱን ለመጠበቅ መሣሪያ ለመግዛት ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የቱ ጥይት ይበረታል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከግድግዳው ቢጀምር እመርጣለሁ። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ቤት ላደገ ሰው ግድግዳ ማለት የሚመክት ነገር ነው፤ እዚህ አገር ግን የውስጥ ግድግዳ ማለት በእንጨት ቋሚዎች ግራና ቀኝ የተመታ፣ ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። ሰውን ሊያስቆም የሚችል ጥይት ሁሉ፣ ከየትኛውም መሣሪያ ቢወጣ፣ ይህን ሰሌዳ አልፎ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ወይም ወደ ጎረቤት አፓርታማ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ሳነጻጽር የምመዝነው ጉልበትን ብቻ ሳይሆን፣ ተኳሹ ያነጣጠረውን የመምታት ዕድሉንና የሳተው ጥይት የሚያርፍበትን ቦታ ነው።

ሽጉጥ ከሦስቱ ለመተኮስ አስቸጋሪው ነው። ትከሻ ላይ የሚደገፍ ሰደፍ ስለሌለው ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ጥይቱን ከዒላማው ያርቀዋል፤ ያልተለማመደ ሰው በአምስት ሜትር ርቀት እንኳ ሊስት ይችላል። ይሁን እንጂ በጠባብ ኮሪደር ውስጥ አይሰናከልም፣ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ልጅን ማንሣት ወይም 911 መደወል ያስችላል፣ በትንሽ ካዝናም ይቆለፋል። በአፓርታማ ለሚኖር ቤተሰብ እነዚህ ጥቅሞች ቀላል አይደሉም።

የሽጉጥ ጥይትን በተመለከተ ክርክሩ ለረጅም ዘመን በ9 ሚሊ ሜትርና በ.45 (በነጥብ የሚጀምሩት ቁጥሮች የጥይቱን ስፋት በኢንች የሚገልጹ ናቸው) መካከል ነበር። የመጀመሪያው ከ7.5 እስከ 9.5 ግራም የሚመዝን፣ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ የሚጓዝ እርሳስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ 15 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ነገር ግን ከ260 ሜትር ብዙም የማያልፍ ቀርፋፋ ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 በማያሚ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የኤፍቢአይ ባልደረቦች ከተገደሉ በኋላ መሥሪያ ቤቱ 9 ሚሊ ሜትርን ተጠራጥሮ በመጀመሪያ ወደ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያም በ1990 ወደ ወጣው .40 ተሻገረ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ግን ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ፤ ምክንያቱም ጫፋቸው ጎድጓዳ የሆነ፣ አካል ሲነኩ የሚሰፉ ዘመናዊ ጥይቶች በመሻሻላቸው በመጠኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት እጅግ ጠብቦ ነበር፤ ተኳሾችም በ9 ሚሊ ሜትር በፍጥነት ደጋግመው የተሻለ ይመቱ ነበር። በተጨማሪም የ.45 መለማመጃ ጥይት ዋጋው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ የገዛው ሰው ልምምዱን ቶሎ ይተወዋል። ለመለማመጃ የሚሸጠው ሙሉ ሽፋን ያለው ጥይት ግን ሳይሰፋ ብዙ ግድግዳ ስለሚያልፍ ለቤት መቀመጥ የለበትም። እጃቸው ደክሞ ሽጉጥ ማቀባበል ለሚያቅታቸው አረጋውያን .38 ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚሽከረከር ጎማ የሚይዝ ሽጉጥ) አማራጭ ነው፤ የሚይዘው አምስት ወይም ስድስት ጥይት ሲሆን ምላጩም ጠንከር ይላል።

ሾትገን በቅርብ ርቀት አቻ የለውም። የባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል) አንድ ፍንጥቅ፣ ማለትም አንድ የሾትገን ጥይት፣ እያንዳንዳቸው 8.4 ሚሊ ሜትር የሆኑ ስምንት ወይም ዘጠኝ የእርሳስ ኳሶችን በአንድ ጊዜ ይልካል። «ማነጣጠር አያስፈልገውም» የሚለው ወሬ ግን ስሕተት ነው፤ በሳሎን ርቀት ኳሶቹ የሚበተኑት ከመዳፍ ብዙ ያልበለጠ ቦታ ላይ ስለሆነ የሳተ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይስታል፣ ግድግዳውንም ይበሳል። ለወፍ አደን የሚያገለግለው ደቃቅ እርሳስ ግድግዳውን እምብዛም አይጎዳም ተብሎ ይመከራል፤ ነገር ግን ወራሪውንም ለማስቆም በቂ ጥልቀት የለውም። የባለ 12 ጌጅ ሰደፍ ትከሻን ክፉኛ ስለሚመታ፣ ለቀጭን ሰው ባለ 20 ጌጅ ይሻላል፤ በቤት ርቀት የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው። አደጋው ያለው በእጅ በሚቀባበለው ዓይነት ላይ ነው፤ የፈራ ሰው እጁን ግማሽ መንገድ መልሶ ከገፋው መሣሪያው ይነክሳል። አባቶቹ ስለ ውጅግራና ምንሽር ሲያወሩ የሰማ ሰው ረጅም መሣሪያ ቢያምረው አይገርመኝም፤ ነገር ግን በሕጋዊው 46 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ በር መዞር ምን እንደሚመስል ባዶውን ይዞ ቢሞክረው መልካም ነው።

ከጠመንጃዎች ስለ ኤአር-15 ባጭሩ፦ ለማነጣጠር ከሦስቱ ቀላሉ ሲሆን፣ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ ቀላልና ፈጣን የሆነው 5.56 ሚሊ ሜትር እርሳሱ ግድግዳ ሲመታ ተገልብጦና ተሰባብሮ አንዳንድ ጊዜ ከሽጉጥ ጥይት ያነሰ ይጓዛል። ነገር ግን በዝግ ክፍል ውስጥ ጩኸቱ ለጆሮ እጅግ አደገኛ ነው፤ ሜሪላንድና ዲሲም ከዚህ ዓይነት ጠመንጃ ብዙዎቹን በሕግ ከልክለዋል።

ሕጉ ምርጫውን ራሱ ሊወስን ይችላል። በሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የጣት አሻራና ሥልጠና የሚጠይቅ የብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከአሥር ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታም (የጥይት መያዣ) በግዛቱ አይሸጥም። ዲሲ በ2008 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሽጉጥን በቤት መያዝ ቢፈቅድም ለፖሊስ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊገዛ ሲችል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ መሠረት ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር መግዛት ቀርቶ መያዝም ተከልክሏል። በዘመድ ስም ማስገዛት ደግሞ ሁለቱንም በወንጀል ያስጠይቃል።

በእኔ አስተያየት በአፓርታማ የሚኖር፣ በወር አንድ ጊዜ ለመለማመድ የቆረጠ ሰው ባለ 9 ሚሊ ሜትር መካከለኛ ሽጉጥ ይያዝ። በራሱ ቅጥር የሚኖር፣ ልጆቹ በአንድ በኩል የሚተኙለትና ብዙ የማይለማመድ ሰው ደግሞ ባለ 20 ጌጅ ሾትገን ቢመርጥ አልቃወምም። በቤቱ በከባድ ጭንቀት ወይም በድባቴ የሚሠቃይ ሰው ካለ ግን አንዱንም አይግዛ፤ ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል።

አቀማመጡም እንደ መሣሪያው ይለያያል። ሽጉጥ በጣት አሻራ ወይም በቁጥር ቶሎ የሚከፈት፣ ከአልጋው አጠገብ በብሎን የታሰረ ካዝና ይበቃዋል። ሾትገን ቁመት ያለው ቁም ሣጥን ይፈልጋል፤ በእጅ ከሚቀባበሉት ብዙዎቹ ሲወድቁ ሊተኩሱ ስለሚችሉም፣ ፍንጥቆቹ በመሣሪያው የጥይት መያዣ ቱቦ ውስጥ ሆነው መሣሪያው ሳይቀባበል መቆለፍ አለበት።